አምስት ድምፅ የጎደለው ሃርፕ ጃዝ ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ ሰው ቆሞ፣ ከቁመቱ የማይተናነስ ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ይጫወታል። ከጎኑ ድራም አለ። ትሮምቦንም አለ። ባስ ጊታር የያዘ ሰው ግን የለም። ባሱ ግን ይሰማል፤ ያውም ወፍራምና ትከሻ የሚያስነቀንቅ ባስ። የኮሎምቢያዊውን የኤድማር ካስታኜዳን ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዓይኑ የሚፈልገው የተደበቀውን ባሲስት ነው።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ወሬ ያስነሳል። አንዱ «በገና በጃዝ ተጫወቱበት» የሚል ነው። ሌላው የተለመደው ቁጭት ነው፦ «አየህ፣ እነሱ ባህላዊ መሣሪያቸውን አዘመኑት፤ እኛ ክራራችንን ይዘን ቀረን።» የመጀመሪያው የስም ስህተት ስለሆነ በቀላሉ ይታረማል። ሁለተኛው ግን ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። ይህ ሃርፕ ጃዝ ቤት ሲገባ ጉድለቱን በሩ ላይ ጥሎ አልገባም። ይዞት ነው የገባው። እንዴት እንደሆነ ለማየት መሣሪያውን ራሱን መፈታታት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገና ሃርፕ ነው?

አይደለም። ግራ መጋባቱ ግን ምክንያት አለው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን መሣሪያ «ሃርፕ» ይለዋል። የእኛው ደግሞ «በገና» ይለዋል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱም፣ ተርጓሚውም ሁለቱን እኩል አድርጎ ሄደ።

ልዩነቱ አውታሩ በተዘረጋበት መንገድ ላይ ነው። በገናንና ክራርን እንይ። ከታች ገበቴው አለ። ከእሱ ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ። ላያቸው ላይ ቀንበሩ ይጋደማል። አውታሮቹ ከቀንበሩ ወርደው፣ በርኩማው ላይ አልፈው፣ ከቆዳው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የዚህ ቤተሰብ ዓለም አቀፍ ስም «ላየር» ነው። ሃርፕ ላይ ግን እያንዳንዱ አውታር ከድምፅ ሳጥኑ ፊት ላይ በቀጥታ ተነስቶ ወደ ላይኛው አንገት ይወጣል። አንዱ ረጅም፣ ቀጣዩ አጠር ያለ፣ ከዚያ የባሰ አጭር እያለ ይሄዳል።

ይህ የእንጨት ሥራ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ላየር ላይ አውታሮቹ ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ብዛታቸውም በቀንበሩ ስፋት ይወሰናል። ክራር 5 ወይም 6 አውታር አለው። በገና 10 አለው፤ እሱም ሁሉም አይደረደርም፣ አንዳንዱ የጣት ማረፊያ ነው። ሃርፕ ላይ ግን አውታር መጨመር ይቻላል። ካስታኜዳ የሚጫወተው ዓይነት በተለምዶ 32 አለው። የኦርኬስትራው ትልቁ ሃርፕ 47 አለው።

ስሙ ያደናገረው ደግሞ እኛን ብቻ አይደለም። ብሉዝ ተጫዋቾች ሃርሞኒካን «ሃርፕ» ይሉታል። ካስታኜዳ በ2019 ከሃርሞኒካ ተጫዋቹ ግሬጎር ማሬ ጋር ላወጣው አልበም የሰጠው ስም «ሃርፕ ቨርሰስ ሃርፕ» ነበር። ቀልዱ የገባው ገባው።

የከብት ጠባቂዎቹ ሃርፕ

መሣሪያው «አርፓ ያኔራ» ይባላል፤ የያኖስ ሃርፕ ማለት ነው። ያኖስ ኮሎምቢያና ቬንዙዌላ የሚጋሩት፣ የኦሪኖኮ ወንዝ ተፋሰስ የሆነ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። አገሩ የከብት አገር ነው። ሃርፑን ወደ አሜሪካ አህጉር ያመጡት ስፓኞች ናቸው። ወደዚህ ሜዳ ዘልቆ እንዲገባ ደግሞ የኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ከብት ጠባቂው እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ሆነ።

የሜዳው ሙዚቃና ጭፈራ «ሆሮፖ» ይባላል። ሃርፑ ብቻውን አይጫወትም። «ኩዋትሮ» የሚባል ባለ አራት አውታር ትንሽ ጊታርና ማራካስ ያጅቡታል። ማራካስ ፍሬ የተሞላበት ቅል ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይናጣል። ፍጥነቱ ለእንግዳ ጆሮ ያስደነግጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ስፔን ውስጥ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ረድፍ አውታር ያለው፣ ረድፎቹ የሚጠላለፉ ሃርፕ ነበር። አንደኛው ረድፍ የጎደለውን ሁለተኛው ይሞላለታል። ያኖስ ሜዳ ላይ ሥር የሰደደው ግን ባለ አንድ ረድፉ ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ችግር እንግዲህ መፍትሄው ከ400 ዓመት በፊት የታወቀ ችግር ነው። የሆሮፖ ሰዎች አልፈለጉትም፤ ለሙዚቃቸው አላስፈለጋቸውማ።

ችግሩ ምንድን ነው?

ፒያኖን እናስብ። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ፣ ማለትም ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ድረስ፣ 7 ነጭና 5 ጥቁር ቁልፎች አሉ። በድምሩ 12። ያኔራ ሃርፕ ላይ ያሉት ሰባቱ ብቻ ናቸው። ጥቁሮቹ የሉም። በሙያው ቋንቋ እንዲህ ያለው መሣሪያ «ዲያቶኒክ» ይባላል። አስራ ሁለቱንም የያዘው «ክሮማቲክ» ይባላል።

ሰባት ድምፅ አያንስም። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘፈን በሰባትና ከዚያ ባነሰ ድምፅ ይዘፈናል። የእኛ ትዝታና ባቲ አምስት ድምፅ ነው የሚበቃቸው። የጃዝ ጣጣ ቦታ መቀያየሩ ነው። ዜማው በአንድ የድምፅ ቤተሰብ ጀምሮ ከአራት መስፈሪያ (የሙዚቃው ምት የሚቆጠርበት ክፍል) በኋላ ሌላ ቤት ይገባል፣ ተመልሶ ሦስተኛ ያንኳኳል። ፒያኒስቱ ጣቱን ወደ ጥቁሩ ቁልፍ ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ባለ ሃርፑ ግን የሌለ አውታር ሊነካ አይችልም።

በምሳሌ እንየው። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያስቀረጸው «ሶ ዋት» በጃዝ ውስጥ በቀላልነቱ የሚታወቅ ዜማ ነው። ሁለት የድምፅ ቤተሰብ ብቻ ነው ያለው። 16 መስፈሪያ በአንዱ፣ 8 መስፈሪያ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ በሌላው፣ ከዚያ 8 ተመልሶ በመጀመሪያው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ከሰባቱ ድምፆች አምስቱ መቀየር አለባቸው። 32 አውታር ባለው ሃርፕ ላይ ይህ 23 አውታር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ አውታር ላይ ድምፁን በግማሽ የሚቀይር ማንሻ ተገጥሞለታል ብንል እንኳ ሃያ ምናምን ማንሻ በአንድ ትንፋሽ መነካት አለበት። ሩብ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ሁሉም ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ሰው አይችለውም።

የኦርኬስትራው ሃርፕ ይህንን በእግር ፈታው። ሰባት ፔዳል አለው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ። «ሚ» የሚለውን ፔዳል ሲረግጡት በመሣሪያው ላይ ያለው «ሚ» ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ፔዳል ሴባስቲያን ኤራር በ1810 ለንደን ላይ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ስለዚህ ሃርፕ በጃዝ ሲባል ካስታኜዳ የመጀመሪያው አይደለም። ዶሮቲ አሽቢ የምትባል የዲትሮይት ሴት በ1957 የጃዝ ሃርፕ አልበም አውጥታ ነበር። አሊስ ኮልትሬን ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ሃርፑን ወደ መንፈሳዊ ጃዝ ወሰደችው። የሁለቱም መሣሪያ ግን ፔዳል ያለው ነበር። ዝናቸው ሲነሳ ይህ ይዘነጋል። የገበሬና የከብት ጠባቂ ሃርፕ ይዞ መግባት ሌላ ጨዋታ ነው።

መልሱ ግራ እጅ ላይ ነው

ባህላዊ ሃርፒስቶች ለጎደለው ድምፅ ከድሮም ዘዴ አላቸው። አንዱ አስቀድሞ መቃኘት ነው፤ ታችኛውን ኦክታቭ በአንድ መንገድ፣ ላይኛውን በሌላ። ሌላው አውታሩን አናቱ አካባቢ ተጭኖ በግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። አንድ እጅ ይጫናል፣ ሌላው ይመታል። እነዚህ ዘዴዎች ይረዳሉ። አንድ ድምፅ እዚህ፣ አንድ እዚያ ይሰርቃሉ። መላውን የጃዝ ስምም ድምፅ ግን አይሸከሙም።

ታዲያ ጃዝ ውስጥ ቦታ ያስገኘለት ምንድን ነው? በእኔ ግምት ጥያቄው ከመነሻው ስለ ድምፅ ብዛት መሆን አልነበረበትም። መታየት የነበረበት ምቱ ነው።

ሆሮፖ ስድስት ፈጣን ምቶች አሉት። ስድስቱን ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ መቁጠር ይቻላል፤ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎም መቁጠር ይቻላል። ሙዚቃው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቆጥራል። አንዱ እጅ በሦስት፣ ሌላው በሁለት ይሄዳል። በችክችካ ያደገ ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዘዋል፤ የኛም ስድስት እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ጃዝ ደግሞ ከጥንትም የሚወደው እንዲህ ያለውን የተጣመመ ምት ነው።

የያኔራ ሃርፕ የታችኛው ክፍል አውታሮች «ቦርዶኔስ» ይባላሉ። በሆሮፖ ውስጥ የባሱን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ግራ እጅ ይመታቸዋል፣ ወዲያው በመዳፍ ያፍናቸዋል። ያ ማፈን ወሳኝ ነው። የትልቁ ሃርፕ ድምፅ ተነክቶ ሲለቀቅ ይንሳፈፋል፤ አንዱ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል። ለሰርግ ያምራል። ለፈጣን ጃዝ ግን ጭቃ ይሆናል። የያኔራው ናይለን አውታር ድምፅ ቁርጥ ያለ ነው። በመዳፍ ሲታፈን ደግሞ ከበሮ ይመስላል።

ካስታኜዳ ያደረገው ይህን ግራ እጅ ወስዶ የባስ ጊታር ሥራ መስጠት ነው። ስለዚህ በሦስት ሰው ቡድኑ ውስጥ ባሲስት አላስፈለገውም። ሃርፕ፣ ትሮምቦንና ድራም በቃ። በ2017 ከጃፓናዊቷ ፒያኒስት ሂሮሚ ጋር ሞንትሪያል ላይ ያስቀረጹት አልበም ውስጥ «ፎር ጃኮ» የሚል የእሱ ድርሰት አለ። ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው፤ ባስ ጊታር ተጫዋቹ። ሃርፒስት ለባሲስት ድርሰት ሲያበረክት ጆሮው የት እንዳለ ይታወቃል።

ትሮምቦኑም ዝም ብሎ የተመረጠ አይመስለኝም። ትሮምቦን ቁልፍ የለውም፤ ቱቦው እየተሳበ የፈለገው ድምፅ ላይ ይቆማል። ሃርፑ የሌለውን ግማሽ ድምፅ ሁሉ እሱ አለው። አንዱ ቋሚ፣ አንዱ ተንሸራታች። የሚገርመው፣ የማሊው ኮራ ተጫዋች ቱማኒ ዲያባቴም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ጃዝ ጋር አልበም ሲሠራ አጋሩ ትሮምቦኒስቱ ሮስዌል ራድ ነበር። ኮራም 21 አውታር ያለው፣ ጥቁር ቁልፍ የሌለው የሃርፕ ዘመድ ነው።

በሌላ መሣሪያ መማር

ካስታኜዳ በ1978 ቦጎታ ተወለደ። አባቱ ፓቬሊድም ሃርፒስት ነው። ካስታኜዳ ራሱ ሃርፕ የጀመረው በ13 ዓመቱ ነው። በ1994፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ኒውዮርክ ገባ። ጃዝን የተማረው ግን በሃርፕ አይደለም። ትምህርት ቤት ውስጥ ትራምፔት ያዘ። ማታ ማታ ሬስቶራንት ውስጥ ሃርፕ እየተጫወተ፣ ቀን በትራምፔት የተማረውን እዚያ ይሞክር ነበር። በኋላ ኩባዊው ሳክስፎኒስት ፓኪቶ ዲሪቬራ ደግፎ ወደ ትልቁ መድረክ አወጣው።

ይህ የሕይወት ታሪክ ማጣፈጫ አይደለም። የያኔራ ሃርፕ የጃዝ መምህር፣ የጃዝ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረውም። ቋንቋውን ሌላ ቦታ ተምሮ ማምጣት ግድ ነበር። ሬስቶራንቱም ቢሆን ለሙከራ አመቺ ነው፤ ሰው እየበላ ስለሆነ ስህተት ይታለፋል።

ሦስት ወገን ክርክር

እንዲህ ያለ ሥራ ተቃዋሚ አያጣም። የባህል ጠበቆች የሚሉት አላቸው። ሆሮፖ ማለት ሃርፕ፣ ኩዋትሮ፣ ማራካስና ዘፋኝ አንድ ላይ ነው፤ ሃርፑን ብቻ ነቅሎ ማውጣት ሙዚቃውን ያራቁተዋል ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። የያኖስ የከብት ጠባቂዎች የሥራ ዘፈን በ2017 ዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሜዳው እየተለወጠ ነው፣ የከብት ሥራውም እንዲሁ። ነገር ግን ዘፈኑን ያሳጣው የኑሮው መለወጥ እንጂ ኒውዮርክ ያለ ሃርፒስት አይደለም።

ከጃዝ ወገን የሚመጣው ጥርጣሬ ሌላ ነው። ብርቅ ስለሆነ ነው የሚጨበጨብለት፤ ሳክስፎን ቢሆን ይህን ያህል አያስደንቅም ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። መሣሪያው ራሱ ትዕይንት ነው። ደግሞም ገደቡ ይሰማል። በራሱ ድርሰቶች ላይ ሃርፑ ነፃ ነው፤ ምክንያቱም ድርሰቱ በልኩ የተሰፋ ነው። በየአራት መስፈሪያው ቤት የሚቀይሩትን የ1940ዎቹን ዜማዎች በዚህ መሣሪያ ሙሉ ምሽት መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህንን ደብቆ «ሃርፕ ሁሉንም ይችላል» ማለት ለመሣሪያው ውለታ አይሆንም።

ሦስተኛው ወገን መሣሪያ ሠሪው ነው። ካማክ የሚባል የፈረንሳይ ሃርፕ ሠሪ ከካስታኜዳ ጋር ሆኖ በእሱ ስም የሚጠራ ያኔራ ሃርፕ ሠርቷል። ከድራም ጎን ቆሞ እንዲሰማ የኤሌክትሪክ ማጉያ ይገጠምለታል። ሠሪዎች የሚያዩት ችግርን ነው፤ ችግር ደግሞ ይፈታል። ግን አስተውሉ፦ ማጉያው የፈታው የጩኸትን ችግር ነው። ሰባቱን ድምፅ አስራ ሁለት አላደረገውም። መሣሪያው ፔዳል ቢገጠምለት ከ1810 ጀምሮ ያለውን ሃርፕ ይሆናል፤ ያ ደግሞ አለ።

ክራርስ?

ወደ ቁጭቱ እንመለስ። «እነሱ አዘመኑ፣ እኛ ቀረን» የሚለው ንግግር ሙላቱ አስታጥቄን ይረሳል። ሙላቱ የሄዱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ካስታኜዳ መሣሪያውን ይዞ ገባ። ሙላቱ ደግሞ መሣሪያውን ትተው ቅኝቱን ይዘው ገቡ። አምባሰልና አንቺሆዬ በቫይብራፎን፣ በፒያኖና በሳክስፎን ላይ ተቀመጡ፤ ከሥራቸው ባለ አስራ ሁለት ድምፅ ኮርድ ተነጠፈ። ኢትዮ ጃዝ ዓለምን ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ ክራር አብሮት አልተሳፈረም።

ክራርን የማሻሻል ሐሳብ በኋላ መጣ። ሙላቱ በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም በነበሩበት ጊዜና ከኤም አይ ቲ ጋር በሠሩት ሥራ ይህን ጥያቄ አንስተዋል። ሐሳባቸው ክራር ከአንድ ቅኝት እስረኝነት ወጥቶ የሌላውንም ዓለም ድምፅ እንዲጫወት ነው። ዛሬ ክራሪስቱ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር ቆሞ መቃኘት አለበት። መድረክ ላይ ይህ እውነተኛ ራስ ምታት ነው። የድምፅ ማጉያው ጉዳይ ግን ከሞላ ጎደል አልቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራር በአዲስ አበባ መድረኮች ላይም፣ ለንደን ውስጥ እንደ ክራር ኮሌክቲቭ ባሉ ቡድኖችም ይሰማል።

አውታር መጨመር መንገድ ነው። ግን ክራር ላየር ነው፤ አውታር በጨመረ ቁጥር ቀንበሩ ይሰፋል፣ እጅ አይደርስም። የማይደገፍበት ሌላ ምክንያትም አለ። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር በአንድ ጊዜ ይመታል። ግራ እጅ የማይፈለጉትን ያፍናል፤ የሚሰማው ያልታፈነው ነው። አምስት ጣት ለአምስትና ለስድስት አውታር ይበቃል። አውታሩ አስራ ሁለት ቢሆን ያ አገራረፍ ይጠፋል። ክራር ጃዝ ውስጥ ሊያመጣው የሚችለው ትልቁ ነገር ደግሞ እሱ ይመስለኛል፦ ደረቅ፣ ፈጣን፣ ከጊታር የማይገኝ ምት።

ሃርፒስቱ ግራ እጁን ለማፈኛ ይጠቀማል። ክራሪስቱም እንዲሁ። ካስታኜዳ ያንን እጅ ይዞ ሄዶ አጠገቡ ትሮምቦን አቆመ። ከክራር ጎን ማን ቢቆም ያዋጣል የሚለውን መድረክ ላይ መሞከር ይቻላል። ዎርክሾፕ አይጠይቅም።